ስለ ጥቁሩ ፊደልና ስለ አባታችን የመቃብር ድንጋይ

ሰው በልብሱ እንደሚታይ ቃልም በተጻፈበት ፊደል ይታያል። አንዱ ፊደል እንደ ዘወትር ልብስ ቀላልና ለሁሉ የሚመች ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደ ካባ ጌጥ የበዛበት፥ ለበዓል ቀን ብቻ ከሣጥን የሚወጣ ነው። ካባ በበዓል ቀን ሲለበስ ያስከብራል፤ ካባ ደርቦ ውሃ ሊቀዳ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ግን ራሱንም ካባውንም ያጎሳቁላል። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ነገር ከካባው ወገን ስለ ሆነው፥ ፈረንጆች ጥቁር ፊደል ወይም የጎቲክ ፊደል ስለሚሉት ጽሕፈት ነው። ነገሩ የአታሚዎችና የሊቃውንት ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን በቤታችን የደረሰውን ስንተርክ፥ የእናትና የልጅ፥ የሙትና የቋሚ ነገርም እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል። የውጭ አገር ታሪክ ስናነሣ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ፊደል ብዙ ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳ መልኩን ያውቀዋል። በአሜሪካ የሚታተመው «ኒውዮርክ ታይምስ»፥ በፈረንሳይ «ለ ሞንድ»፥ በጀርመን «ፍራንክፉርተር አልገማይነ» የሚባሉት ጋዜጦች በራስጌያቸው ስማቸውን የሚጽፉት በዚህ ፊደል ነው። በውጭ አገር ዲፕሎማ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም፥ በሠርግ መጥሪያ ላይ የሙሽሮቹ ስም፥ በቢራ ጠርሙስ ላይ የጠማቂው ስም በዚሁ ተጽፎ ይገኛል። መስመሩ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ክብ ሊሆን የሚገባው ሁሉ እንደ ተሰበረ እንጨት ማዕዘን ያወጣል፤ ቋሚዎቹ መስመሮች እንደ አጥር እንጨት ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ በትልልቁ ፊደል ላይም እንደ ሐረግ የሚጠማዘዝ ቀጭን ጌጥ ይታከልበታል።

እኛ ይህን ፊደል ከማየታችን አስቀድሞ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበርን። ፊደል ቆጥረን ዳዊት ከደገምን በኋላ የኔታ ጥቂት ቁም ጽሕፈት አስተምረውናል። መቃ ቀርጾ ብርዕ ማውጣትን፥ ብራና ማስመርን፥ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ቀለም ለአርእስቱና ለቅዱሳን ስም መለየትን የተማርነው ከእርሳቸው ነው። አንድ ቀን በጽሕፈታችን ላይ ጌጥ አብዝተን ብናሳያቸው ብራናውን ወደ ብርሃን አቅርበው ካዩ በኋላ «ልጄ፥ ሐረጉን ከላይ ሣለው፤ ፊደሉን ግን ተወው፤ እርሱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው» አሉን። የዚህ ቃል ምሥጢር የገባን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን። በዚያ በመምህራችን ጠረጴዛ ላይ አንድ አሮጌ የጀርመን የመዝሙር መጽሐፍ ነበረ። የፈረንጅ ፊደል በሚገባ ለይተን ስለ ነበር ማንበብ የምንችል መስሎን ከፈትነው፤ ነገር ግን አንዲት መስመር እንኳ መጨረስ አቃተን። በቃል መካከል የሚመጣው «ኤስ» ረዝሞ «ኤፍ» መስሎናል፤ ትልቁ «ኤ» ከትልቁ «ዩ» አልለይ ብሎናል። መምህራችን ስቀው፥ በአገራቸው አያቶቻቸው የተማሩት በዚህ እንደ ነበረ ነገሩን፤ አንድ በአንድም አስለዩን። ትምህርታችንን ስንፈጽም የተሰጠን የምስክር ወረቀት የትምህርት ቤቱ ስም በዚያው በወፍራሙ ጥቁር ፊደል የተጻፈበት ነበር። አባታችን የፈረንጅ ፊደል አያውቁም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብለው ያን ጥቁር ራስጌ በጣታቸው እየዳበሱ «ይህስ እንደ ብራና ጽሕፈት ነው፤ የከበረ ነው» አሉ። በመስተዋት አስገብተውም ከአልጋቸው በላይ ሰቀሉት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ፊደል በልባችን የአባታችን ደስታ ማስታወሻ ሆነ።

ታሪኩን ባጭሩ ብንናገር፥ ጥቁሩ ፊደል በምዕራብ አውሮፓ በአሥራ ሁለተኛው ምእተ ዓመት ገደማ የተነሣ የእጅ ጽሕፈት ነው። ጸሐፊዎች አፉ ሰፊ በሆነ ብርዕ ቋሚውን መስመር ወፍራም፥ አግዳሚውን ቀጭን አድርገው፥ በጠባብ ብራና ብዙ ቃል ለማግባት ፊደሉን አጠጋጉት። ከወገኖቹም አንደኛው «ቴክስቱራ» ይባላል፤ በላቲን ቋንቋ ሽመና ማለት ነው፤ ገጹ ሲታይ ክሩ የጠበቀ ሸማ ይመስላልና። ዮሐንስ ጉተንበርግ በማይንጽ ከተማ በ1455 ገደማ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያትም የእርሳሱን ፊደል የቀረጸው ይህንኑ የእጅ ጽሕፈት አስመስሎ ነው። የኢጣልያ ሊቃውንት ግን ክብና ግልጽ የሆነውን የጥንት ጽሕፈት ወደዱ፤ ጥቁሩንም የጎቶች፥ ማለት የአረመኔዎች ሥራ ነው ብለው ናቁት፤ «ጎቲክ» የሚለውም ስም ከዚህ ንቀት የመጣ ነው።

በጀርመን ግን ፊደሉ ክብሩን ጠብቆ ኖረ። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ቀዳማዊ በ1513 የጸሎት መጽሐፍ፥ በ1517 ደግሞ «ቶየርዳንክ» የተባለ መጽሐፍ ሲያሳትም፥ ከዚሁ ወገን የሆነ አዲስ ፊደል ተቀረጸ፤ ስሙም «ፍራክቱር» ተባለ፤ ትርጓሜው የተሰበረ ማለት ነው። እኛን ደስ የሚያሰኘን በዚያው በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው፥ በሮማ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ፥ ዳዊትን በግዕዝ ማሳተሙ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ስለዚህ ፍራክቱርና የታተመው ፊደላችን የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ለማለት እንችላለን። ከዚህ በኋላ ሉተር በ1522 ያሳተመው አዲስ ኪዳን የፍራክቱር እኅት በሆነው «ሽዋባኸር» በሚባለው ፊደል፥ በእንግሊዝ አገርም በንጉሥ ጄምስ ዘመን በ1611 የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ በጥቁሩ ፊደል ታተመ። በዘመኑ ለነበረው አንባቢ ይህ ጌጥ አልነበረም፤ ከልጅነቱ የለመደው የዘወትር ፊደሉ ነበር እንጂ።

ጌጥነቱ የጎላው በኋላ ነው። ዮሐን ክርስቲያን ባወር የተባለ የፍራንክፉርት ፊደል ቀራጭ በ1850 «ፌቴ ፍራክቱር» የተባለውን ቀረጸ፤ «ፌት» ማለት ወፍራም ማለት ነው። ፋብሪካና ንግድ በበዛበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ወፍራም ፊደል ለማስታወቂያና ለአርእስት የሚያገለግል ነበር፤ ከሩቅ የሚያልፈውን ሰው ዐይን ይዞ እንዲያቆም የተሠራ ነውና። ዛሬም በኮምፒዩተር ላይ ስለሚገኝ በየምግብ ቤቱ ሰሌዳና በየጠርሙሱ ላይ እናየዋለን።

እኛ በሥራችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን፥ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይልቁንም ሁለት ነገር ልባችንን ይነካዋል። አንደኛው ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች ለራሳቸው ብቻ የሚነበብ የተጨናነቀ የእጅ ጽሕፈት ነበራቸው። ባለጉዳዩ የተፈረደበትን ወረቀት በእጁ ይዞ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። ስለዚህ ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ ከ1733 ጀምሮም የፍርድ ቤት መዝገብ በላቲን መሆኑ ቀርቶ በሕዝቡ ቋንቋ፥ በተለመደና በሚነበብ ጽሕፈት ብቻ እንዲጻፍ ታዘዘ። ሁለተኛው የያዕቆብ ሻለስ ነገር ነው። ይህ ሰው የፔንሲልቫንያ ሸንጎ ረዳት ጸሐፊ ነበር፤ በ1787 የአሜሪካን ሕገ መንግሥት በብራና ላይ እንዲጽፍ ታዞ በ30 ዶላር ዋጋ ጻፈው። ሻለስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት በትልቅና በወፍራም የጎቲክ መልክ ጻፈ፤ የውስጡን ንባብ ግን በቀላልና በሚነበብ የእጅ ጽሕፈት አደረገው። ካባውን ለደጃፉ፥ የዘወትሩን ልብስ ለቤቱ ውስጥ አደረገ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነበብን ሰዎች ሆነን ሳለ፥ በገዛ ቤታችን የሠራነውን ስሕተት እንናዘዛለን።

አባታችን ካረፉ በኋላ ሙት ዓመታቸው ሲቀርብ በመቃብራቸው ላይ የእብነ በረድ ድንጋይ ለማቆም አሰብን። ድንጋይ ጠራቢው የተለመደውን የፊደል ናሙና ቢያሳየን ናቅነው። አባታችን ያን የምስክር ወረቀት እየዳበሱ «የከበረ ነው» ያሉት ትዝ አለን፤ ስለዚህ ስማቸውን በዚያው መልክ ልንጽፍላቸው ቈረጥን። ብዙ ሌሊት በመብራት ተቀምጠን የግዕዙን ፊደል እንደ ፍራክቱር አወፍረን፥ ክቡን ሁሉ ሰብረን፥ ቋሚውን አጠጋግተን ነደፍነው። ባለቤታችን ንድፉን አይታ «ያምራል፤ ግን ምን ይላል?» ብትል፥ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ጠራቢው ደግሞ ሥራው አስቸጋሪ ነው ብሎ ዋጋ ጨመረ፤ እኛም ሳንከራከር ከፈልን፤ ድንጋዩ ቆሞ ብናየው እንደ ንጉሥ ማኅተም የሚያስፈራ ሆነ።

እናታችን ፊደል የለዩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ እኛ ገና በጀርባቸው ታዝለን ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያነቡት ጣታቸውን ከእያንዳንዱ ፊደል በታች እያስኬዱ ነው፤ ቀስ ብለው ያነባሉ፥ ያነበቡትን ግን አይረሱም። አባታችን በሕይወት ሳሉ በየማታው ከመጽሐፍ ጥቂት መስመር ያነቡላቸው ነበር፤ አባታችንም ሲሳሳቱ ያርሟቸው ነበር። ድንጋዩ በቆመ ጊዜ ታመው ስለ ነበር አላዩትም። በሙት ዓመቱ ዕለት ግን ሰባት ዓመት የሞላውን ልጃችንን እጁን ይዘው ከእኛ ቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገቡ። ቦታውን በግምት ያውቁት ነበር፤ ነገር ግን በዙሪያው ብዙ አዲስ መቃብር ተሠርቶ ነበር።

እኛ ከካህናቱ ጋር ጥቂት ተነጋግረን ስንደርስ፥ እናታችን በድንጋዩ ፊት ተንበርክከው ጣታቸውን ከፊደሉ በታች ሲያስኬዱ አገኘናቸው። ጣታቸው ከመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆመ፤ ወደ ሁለተኛው አለፈ፤ ተመልሶም ወደ መጀመሪያው መጣ። በመጨረሻ «የኔ ልጅ፥ ዐይኔ ደክሟል፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ» አሉት። ልጁ በክፍሉ ንባብ የሚመሰገን ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ አነበበ፤ ያነበበው ስም ግን የአያቱ ስም አልነበረም። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «እንግዲያውስ የእኛ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ና፥ ወዲያ ማዶ እንፈልግ» ብለው የልጁን እጅ ይዘው ወደሚቀጥለው መቃብር ሄዱ።

አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባላቸውን አልፈዋቸው ሲሄዱ ቆመን አየን። ጠርተን «እማዬ፥ ይኸው እዚህ ነው» ለማለት አፋችን እንቢ አለን። ኋላም በነገርናቸው ጊዜ አልተቈጡም፤ ተመልሰው ድንጋዩን ተሳለሙና «ፊደሉን የማላውቅ እኔ ነኝ ልጄ፤ አንተማ የተማርህ ነህ» አሉን። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል አጥንታችንን ሰበረው። ማንበብን በስንት ድካም የተማሩትን እናት፥ በአንድ ሌሊት ንድፍ መልሰን ያልተማሩ አደረግናቸው።

ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ለማወቅ በማግስቱ ንድፉን አውጥተን መረመርነው። የፈረንጅ ፊደል አናባቢውን ራሱን በቻለ ፊደል ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚያሳየው በአካሉ ላይ በሚቀጠል ትንሽ ምልክት ነው። «በ» በወገቡ ቅጥያ ሲያወጣ «ቡ»፥ ከእግሩ ሲያወጣ «ቢ»፥ ከእግሩ ቀለበት ሲያበጅ «ቤ» ይሆናል። ቋሚው መስመር ወፍሮ ሲጠጋጋ ግን ያ ትንሽ ቅጥያ በጥቁሩ ውስጥ ይሰጥማል። ደግሞም የ«በ» ራስ ሜዳ፥ የ«ሰ» ራስ እንደ ጎጆ ክዳን ሹል ነው፤ ክቡንና ሜዳውን ሁሉ ሰብረን ማዕዘን ብናወጣለት «በ» «ሰ»ን መሰለ። «ተ»ና «ቸ»፥ «ነ»ና «ኘ» የሚለያዩባት የራስ መስመርም ከጌጡ ጋር ተቀላቀለች። በላቲን ፊደል እንኳ ቃሉን ሁሉ በትልልቁ የጎቲክ ፊደል ብቻ የጻፉት እንደ ሆነ አይነበብም፤ ትልቁ ፊደል በመጀመሪያ ብቻ ቆሞ ትንንሾቹ ሊከተሉት የተሠራ ነውና። እኛ ግን ትልቅና ትንሽ ለሌለው ፊደላችን የሰውን ካባ በልኩ ሳንሰፋ አለበስነው። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ጌጡን ለሐረግ፥ ክብሩን ለቀዩ ቀለም ሰጥተው፥ ፊደሉን ለአንባቢ ተዉለት።

ይህ የእኛ ቤት ነገር በጀርመን አገር በሕዝብ ሁሉ ላይ ደርሶ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። የሂትለር መንግሥት ጥቁሩን ፊደል አስቀድሞ የጀርመን ነገድ መለያ ነው ብሎ ሲመካበት ቆየ። ከዚያም በ1941 በጃንዋሪ 3 ቀን፥ የአይሁድ ፊደል ነው የሚል የሐሰት ምክንያት ሰጥቶ፥ እንዳይጻፍበት በደብዳቤ አዘዘ፤ የሚያስደንቀው የዚያ ደብዳቤ ራስጌ ራሱ በዚሁ ፊደል የታተመ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የዚህ ዘመድ የሆነው የእጅ ጽሕፈትም ከትምህርት ቤት ወጣ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ በዚያ አገር ብዙ ሰው የአያቶቹን ደብዳቤ ከሣጥን አውጥቶ ይይዘዋል፥ ማንበብ ግን አይችልም፤ ለሚያነብለት ሰው ይሰጣል። ፊደል በትምክሕት ሲጫን፥ በትምክሕትም ሲሻር፥ የሚጎዳው በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው ቃል ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቁሩን ፊደል መጥላት አይገባም። ለምን እንደሚያገለግል ለይቶ ማወቅ ግን ይገባል። የጋዜጣ ስም በዚህ ፊደል ቢጻፍ አንባቢው በየቀኑ ስለሚያየው እንደ ሥዕል ይለየዋል እንጂ ፊደሉን አይቈጥርም። ዲፕሎማም ቢሆን የትምህርት ቤቱ ስም በጥቁሩ ፊደል ቢደምቅ፥ የተማሪው ስምና የትምህርቱ ዐይነት በግልጽ ፊደል እስከ ተጻፈ ድረስ ያምራል። የሠርግ መጥሪያ ለምታሳትሙ ግን ምክራችን ይህ ነው፤ ጌጡን በሁለት ወይም በሦስት ቃል ላይ አድርጉት፤ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ስም አያቶቻችሁ ያለ መነጽር በሚያነቡት ፊደል ጻፉት። ወደ አታሚም ከመሄዳችሁ በፊት ናሙናውን በቤታችሁ ካሉት ሽማግሌ ለአንዱ፥ ፊደል በቅርብ ከለየው ሕፃንም ለአንዱ አሳዩ። እነዚህ ሁለቱ ካነበቡት ሁሉ ያነበዋል።

የአባታችንን ድንጋይ በሁለት ወር ውስጥ ለወጥነው፤ ባለቤታችን ለቤት ዕቃ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ያለ አንድ ቃል አውጥታ ሰጠችን። በአዲሱ ድንጋይ ላይ ከላይ መስቀልና በዙሪያው ሐረግ አስቀረጽን፤ ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን ግን ድንጋይ ጠራቢው አስቀድሞ ባሳየን፥ እኛም በናቅነው በቀላሉ ፊደል አስጻፍን። አሮጌው ድንጋይ የአባታችን ስም ያለበት ስለ ሆነ ልንረግጠውም ልንጥለውም አልቻልንም፤ በጓሮአችን ፊቱን ወደ ግንቡ አድርገን አቁመነዋል።

ድንጋዩ በተተካ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናታችንን ወሰድናቸው። ማንም አልመራቸውም። ተንበርክከው ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል በታች አደረጉ፤ ቀስ ብለውም እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያም ወደ ልጃችን ዞር ብለው «አሁንስ እርሳቸው ናቸው» አሉ። የኔታ ፊደሉን ተወው ያሉን ለዚህ ነበር።